በዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ያለን የቆየ ፎቶ በትልቅ ፋይል መተካት መቼ ያዋጣል?

ውክፔዲያ ላይ የምናያቸው ፎቶዎች በብዛት የሚመጡት ከአንድ የጋራ ማከማቻ፣ ከዊኪሚዲያ ኮመንስ ነው። ኮመንስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ካሜራና ኢንተርኔት ልክ የተጫኑ፣ ወርዳቸው 640 ወይም 800 ፒክስል የሆኑ ምስሎች ዛሬም በቦታቸው አሉ። አሁን የእነዚያኑ ፎቶዎች ትልቅ ቅጂ ማግኘት ቀላል ሆኗል። በአንድ በኩል ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክሮች ስብስባቸውን እንደገና ስካን እያደረጉ ይለቃሉ። በሌላ በኩል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶ የሚያሳድጉ አፖች 800 ፒክስሉን ተቀብለው 6,400 አድርገው ይመልሳሉ። በፒክስል ቁጥር ብቻ ካየናቸው ሁለቱ ፋይሎች እኩል ናቸው። የመጀመሪያው አሮጌውን ሊተካ ይገባል፤ ሁለተኛው ከተካው ግን ታሪካዊ ፎቶውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ከፒክስሉ ቁጥር በፊት መጠየቅ ያለበት ፋይሉ ከየት እንደመጣና ከአሮጌው ጋር ምን ምን እንደተያያዘ ነው።

ኮመንስ ላይ መተካት ማለት አዲሱን ፋይል በአሮጌው ስም ላይ መደረብ ነው። የፋይሉ ስምና የመግለጫ ገጹ ባሉበት ይቆያሉ። ፎቶው የገባባቸው የአማርኛ፣ የእንግሊዝኛ፣ የአረብኛ ገጾች ሁሉ ማንም ሳይነካቸው አዲሱን ምስል ማሳየት ይጀምራሉ። አሮጌው አይጠፋም፤ ከገጹ ግርጌ ባለው የፋይል ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል፣ ካስፈለገም ይመለሳል። ጥቅሙም አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ሰው የወሰነው ውሳኔ እሱ ያላያቸው፣ ቋንቋቸውንም የማያነባቸው በርካታ ገጾች ላይ በአንዴ ይፈጸማል።

የኮመንስ ደንብ መደረብን ለጥቃቅንና አከራካሪ ላልሆኑ ማሻሻያዎች ብቻ የሚፈቅደው ለዚህ ነው። ያው ፎቶ፣ ከያው ምንጭ፣ በያው አቆራረጥ ከፍ ባለ ጥራት ከተገኘ ይደረባል። አቆራረጡ፣ ቀለሙ ወይም ምንጩ በጉልህ ከተለየ በአዲስ ስም ይጫናል። አዳዲስ ተጠቃሚዎች በሌላ ሰው ፋይል ላይ እንዳይደርቡ የሚያግድ ማጣሪያም ተደርጓል። ማጣሪያው ከከለከላችሁ በአዲስ ስም ጭናችሁ ሁለቱን ገጾች በሊንክ ማያያዝ ትችላላችሁ፤ ሥራችሁ አይባክንም።

ጭማሪው ምን ያህል ሲሆን ነው ድካሙን የሚያዋጣው? በጽሑፍ መሐል የሚገባ ፎቶ ወርዱ በአብዛኛው ከ220 እስከ 300 ፒክስል ነው። ስክሪኑ ጥሩ የሆነ ስልክ ሁለት እጥፉን፣ 600 ገደማ ይቀበላል። እንግዲህ 800ው በ8,000 ቢተካ ጽሑፉን ብቻ የሚያነብ ሰው ለውጡን አያየውም። የሚያየው ፎቶውን ነክቶ በሙሉ ስክሪን የሚከፍተው፣ የሚያትመውና አጉልቶ የሚመረምረው ነው። ለ1,920 ፒክስል ስክሪን ያንኑ ያህል ወርድ ይበቃል። ለኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2,480 በ3,508 ፒክስል ያስፈልጋል። ኮመንስ «ምርጥ ሥዕል» ወይም «ጥራት ያለው ምስል» ብሎ ለሚመርጣቸው ፎቶዎች ዝቅተኛው ልክ 2 ሜጋፒክስል ነው።

ከዚህ ተነሥተን የምንመክረው እንዲህ ነው። የአሮጌው ረጅም ጎን ከ1,000 ፒክስል በታች ከሆነ ማንኛውም እውነተኛ ጭማሪ ይጠቅማል። ከ1,000 እስከ 2,500 ባለው ውስጥ ከሆነ አዲሱ በጎን ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ከዚያ ያነሰ ጭማሪ ለዓይን አይታይም። ከ4,000 በላይ ለሆነ የሰው ፎቶ ወይም የመልክዓ ምድር ምስል ተጨማሪ ፒክስል ብዙም ፋይዳ የለውም። ካርታ፣ የብራና ገጽ፣ የድንጋይ ላይ ጽሑፍና የቡድን ፎቶ ግን ሌላ ነው፤ እነዚህን ሰው የሚከፍታቸው ጥቃቅኑን ለማየት ስለሆነ ጣሪያ የላቸውም። አንድ ሌላ ሁኔታም አለ። ፒክስሉ እኩል ሆኖ አሮጌው ክፉኛ የታመቀ ጄፔግ ከሆነ፣ በሰማዩና በፊት ላይ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ከታዩ፣ ያልታመቀው ቅጂ በቁጥር ባይበልጥም መተካቱ ትክክል ነው።

ፋይሉ ትልቅ ሲሆን የአንባቢውን ዳታ ይበላል ብለው የሚሰጉ አሉ። አይበላም፤ ሰርቨሩ ለገጹ የሚልከው የተቀነሰውን ቅጂ ነው። ወጪው በሚጭነው ሰው ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ምንጩ እንምጣ። በኢትዮጵያውያን እጅ የሚዞሩ ፎቶዎች በብዛት በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በዋትስአፕ ያለፉ ናቸው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስንልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ያወርደዋል። ዋትስአፕ በመደበኛው አላላክ ወደ 1,600 ገደማ፣ ፌስቡክ ወደ 2,048 ይቀንሳሉ። በዚህ መንገድ ያለፈ ፎቶ የካሜራውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን የያዘው የኤግዚፍ መረጃ ተላጭቶ ይመጣል። ስለዚህ «ትልቅ ቅጂ አገኘሁ» ያለ ሰው ፋይሉ 5,120 ፒክስል ከሆነ አካፍሉት፤ 1,280 ሲባዛ በ4 ነው። 4,096 የ2,048 እጥፍ ነው። 3,840 ደግሞ 1,280 በ3 ነው። ከካሜራ በቀጥታ የወጣ ፎቶ በአብዛኛው እንደ 4,000 በ3,000 ወይም 6,000 በ4,000 ያለ ልክ ይኖረዋል። እንዲህ ያለው ብዜት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ምርመራ ይጠይቃል። ፎቶግራፈሩ በሕይወት ካለና የሚገኝ ከሆነ ሁሉንም የሚያሳጥረው መንገድ ዋናውን በቴሌግራም «እንደ ፋይል» እንዲልክ መጠየቅ ነው፤ እንደ ፋይል የተላከ ፎቶ አይነካም።

የታሪክ ፎቶዎች ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1936 በጣሊያን ወረራ ተሰደው ሃይፋ ሲደርሱና ወደ ኢየሩሳሌም ሲያመሩ የተነሡ ፎቶዎች አሉ። ኔጋቲቮቹ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በማትሰን ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ቤተ መጻሕፍቱ አንድን ፎቶ በበርካታ መጠን ያቀርባል፦ በ«አር» ፊደል የሚያልቀው ፋይል 640 ፒክስል ገደማ፣ በ«ቪ» የሚያልቀው 1,024 ገደማ፣ በ«ዩ» የሚያልቀው ደግሞ ሙሉው ቲፍ፣ ማለትም ጥራቱ ሳይቀነስ የተቀመጠው ትልቁ ፋይል ነው። ከዚህ ስብስብ የተወሰደ፣ ኮመንስ ላይ 1,024 ሆኖ የተቀመጠ ፎቶ ካጋጠማችሁ ከቲፉ በተሠራ ጄፔግ መተካት ያለ ጥርጥር ይገባል፤ ምንጩ አንድ፣ ስካኑም አንድ ነው፣ የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው።

ነገር ግን መግለጫውን ሳታነቡ አታውርዱ። ቤተ መጻሕፍቱ ስለ እያንዳንዱ ዲጂታል ፋይል ከምን እንደተወሰደ ይጽፋል። «ከዋናው ኔጋቲቭ» ከሆነ መልካም ነው። «ከጥቁርና ነጭ የፊልም ቅጂ» የሚል ከሆነ ግን ስካን የተደረገው የታተመው ፎቶ እንደገና በፊልም ተነሥቶ የተገኘው ቅጂ ነው። እንዲህ ያለው ፋይል 5,000 ፒክስል ቢሆንም ከዋናው ኔጋቲቭ በ2,000 ፒክስል ከተወሰደው ያነሰ ዝርዝር ሊይዝ ይችላል። ጥላው ይደፈናል፣ ነጩ ይቃጠላል። ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ገጽ የተወሰደ ፎቶም እንዲሁ ነው። የታተመ ምስል የተሠራው ከቀለም ነጠብጣብ በመሆኑ በ1,200 ዲፒአይ ስካን ብታደርጉት የሚጨምረው የነጠብጣቡ ቅርጽ እንጂ የሰውየው ፊት አይደለም።

ስካነር ላይም ልክ አለ። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ የወረቀት ፎቶ ከ600 ዲፒአይ በላይ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው፤ በዚያ ልክ ወደ 2,360 በ3,540 ፒክስል ይወጣዋል። 35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ግን 36 በ24 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ 4,000 ዲፒአይ ይፈልጋል፣ ይህም 5,669 በ3,780 ፒክስል ነው። በስካነሩ ካርቶን ላይ «9,600» ወይም «19,200» የሚለው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ማሽኑ በስሌት የሚሞላው ነው። መታየት ያለበት «ኦፕቲካል» የሚለው ቁጥር ነው።

ፋይሉ እጃችሁ ሲገባ ምርመራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በጂምፕ ወይም በሌላ ሌየር (ተደራራቢ የምስል ንጣፍ) ባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይሠራል። አዲሱን ፎቶ ክፈቱ፣ ሌየሩን አባዙት፣ የተባዛውን ሌየር ብቻ ወደ ግማሽ ቀንሳችሁ መልሳችሁ ወደ ሙሉ መጠኑ አሳድጉት። ከዚያ የሌየሩን ሞድ «ዲፈረንስ» አድርጉት። ስክሪኑ ከሞላ ጎደል ጥቁር ይሆናል፤ ሁለቱን ሌየሮች አዋሕዳችሁ በ«ሌቭልስ» ብርሃኑን ከፍ አድርጉት። የሽፋሽፍት፣ የጥልፍ፣ የሣርና የፊደል መስመር ብቅ ካለ በግማሹ የጠፋ እውነተኛ ዝርዝር ነበር ማለት ነው። ብርሃኑን ከፍ አድርጋችሁም ባዶ ጥቁር ከሆነ ሦስት አራተኛው ፒክስል ምንም አልያዘም፤ ፋይሉ ተለጥጧል። የታመቀ ጄፔግ ሲለጠጥ ሌላ ምልክትም ይተዋል። ጄፔግ የሚያምቀው በ8 በ8 ፒክስል ቁራጭ ነው፤ ስታጎሉት ቁራጮቹ 16 በ16 ወይም 32 በ32 ሆነው ከታዩ ከማደጉ በፊት ታምቆ ነበር ማለት ነው። የፋይሉን ክብደትም እዩ። 12 ሜጋፒክስል ጥሩ ጄፔግ ከ3 እስከ 6 ሜጋባይት ይመዝናል። 20 ሜጋፒክስል ሆኖ 900 ኪሎባይት ከሆነ ጤነኛ አይደለም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያደገው ፎቶ ይህን የመጀመሪያ ፈተና ያልፋል፤ ከራሱ የፈጠረው ዝርዝር ስላለው ጥቁር አይሆንም። ለእሱ ፈተናውን ገልብጡት። አዲሱን በአሮጌው ልክ ቀንሱና በአሮጌው ላይ በ«ዲፈረንስ» ደርቡት። በአዲስ ስካን ጊዜ የአሮጌው የጄፔግ ብልሽትና አቧራ ሳይገጥም ይቀራል። በአፕ ያደገው ከሆነ ግን ጭረቱም ብልሽቱም በአብዛኛው ልክ በልክ ይገጥማል፣ የተወለደው ከእሱው ነውና። የፊልሙን ቅንጣትም ተመልከቱ። እውነተኛ ስካን ላይ ቅንጣቱ በፊቱም በግድግዳውም እኩል ተበትኗል፤ ያደገው ላይ ፊቱ እንደ ሰም ለስልሶ ግድግዳው ሻካራ ሆኖ ይቀራል።

ለእኛ ደግሞ ከሁሉ የሚብሰው የፊደሉ ነው። በድሮ ፎቶ ላይ የሱቅ ሰሌዳ፣ የመቃብር ድንጋይ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ያለ ጽሑፍ ቁመቱ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 12 ፒክስል ነው። በዚህ ቁመት «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የሚለየው ጭረት አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ነው። ፎቶውን የሚያሳድገው ሞዴል የተማረው በአብዛኛው በላቲን ፊደል ስለሆነ ያንን ብዥታ ሲያገኝ ይገምታል፤ ግምቱንም ጥርት አድርጎ ይስለዋል። ውጤቱ ከሩቅ ግእዝ የሚመስል፣ ሲነበብ ግን የሌለ ፊደል ነው፤ አለዚያም ከዚህ የከፋ፣ በትክክል የሚነበብ የተሳሳተ ፊደል ነው። ብዥ ያለው አሮጌ ፎቶ «አይነበብም» ይል ነበር፤ አዲሱ የሌለ ስም ይነግራል። የዳግማዊ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን ፎቶዎች በዚህ መንገድ ያደጉና ቀለም የተቀቡ አድርጎ በዋናው ላይ መደረብ በፍጹም መሆን የለበትም። መጫን የፈለገ ሰው በሌላ ስም፣ በመግለጫው ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያደገ መሆኑን ጽፎ ይጫን፤ ውክፔዲያ ገጽ ላይ ግን ዋናው ይቆይ።

ሁለቱም እውነተኛ ሆነው ሳለ አሮጌው የማይተካበት ጊዜም አለ። ኮመንስ ላይ የሞና ሊዛ ቅጂዎች በርካታ ናቸው፤ ከፈረንሳይ ቤተ መዘክሮች የምርምር ማዕከል የመጣው 7,479 በ11,146 ፒክስል ነው፣ የተነካካው ቅጂው ደግሞ በራሱ ስም ተቀምጧል። አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም። ቀለም ከካሜራ ካሜራ፣ ከመብራት መብራት ይለያያል፤ አንዱ ምንጭ ትክክል ነው ብሎ መፍረድ የጫኚው ሥራ አይደለም።

በብራና መጻሕፍታችን ላይ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውና በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል» የሚባለው የማይክሮፊልም ሥራ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በጥቁርና ነጭ አንሥቷል፤ ቅጂዎቹም በአሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛሉ። የዚያው መጽሐፍ አዲስ ባለቀለም ዲጂታል ፎቶ ሲገኝ ትልቁ፣ ቀለም ያለው አዲሱ ነው። ቢሆንም የማይክሮፊልሙ ምስል መጽሐፉ በዚያ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ይመሰክራል፤ ዛሬ ጠርዙ የተበላ ቅጠል ያኔ ሙሉ ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ የጎደለ ቅጠልም ያኔ በቦታው ሊኖር ይችላል። እነዚህን በአንድ ስም መደረብ ምስክሩን መደበቅ ነው። ሁለቱም ይጫኑ፣ በመግለጫ ገጹ «ሌሎች ቅጂዎች» በሚለው ቦታ ይያያዙ።

መደረቡ ትክክል ሆኖም የሚሰበር ነገር ይኖራል። ፎቶው ላይ «ይህ እገሌ ነው» የሚሉ የምስል ማስታወሻዎች ካሉ የተቀመጡት በፒክስል ልክ ነው። አቆራረጡ በትንሹ ቢለወጥ የቡድን ፎቶ ላይ የአንዱ ሚኒስትር ስም በሌላው ራስ ላይ ይወድቃል። አንዳንድ ገጾች ደግሞ ፎቶውን በኮድ ቆርጠው ፊቱን ብቻ ያሳያሉ፤ እነሱም ይዛባሉ። መጻሕፍት ከስካን እየተተየቡ ለሚቀመጡበት ለዊኪሶርስ የተጫነ ባለብዙ ገጽ ፒዲኤፍ ወይም ደጃቩ ፋይል ከሆነ፣ አዲሱ ስካን አንድ የሽፋን ገጽ ቢጨምር ከዚያ በኋላ ያለው የተተየበ ጽሑፍ ሁሉ ከምስሉ ጋር በአንድ ገጽ ይሳሳታል። «ምርጥ ሥዕል» ተብሎ የተመረጠ ፋይል ላይ ደግሞ አይደረብም፤ አዲሱ በራሱ ስም ተጭኖ በድምፅ ይተካል።

ከኔጋቲቭ የተሠራ ስካን ከሆነ ግራና ቀኙን አረጋግጡ። ኔጋቲቭ ተገልብጦ ስካን ሲደረግ ፎቶው እንደ መስተዋት ይዞራል። ጽሑፍ ካለ ወዲያው ይታወቃል፤ ከሌለ ሜዳልያዎቹ በግራ ደረት ላይ መሆናቸውን እዩ። ቀለሙም ይፈተሽ፦ ፋይሉ አዶቢ አርጂቢ የሚባለውን የቀለም ፕሮፋይል ይዞ መጥቶ ሲቀየር ፕሮፋይሉ ከተላጨ ቀለሙ ደብዝዞ ይታያል። ወደ ኤስአርጂቢ ቀይራችሁ አስቀምጡ። ፎቶን በፒኤንጂ አትጫኑ፤ ይከብዳል፣ የተቀነሰው ቅጂም እንደ ጄፔጉ ጥርት አይልም። ከቲፍ የምትሠሩት ጄፔግ በ95 ገደማ ጥራት ይሁን፤ አንዱ ጎን ከ65,500 ፒክስል ካለፈ ግን ጄፔግ አይችለውም፣ በቲፍ ይቀመጣል።

ፈቃዱ ሌላ ጉዳይ ነው። የጀርመን ፌደራል ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ወደ 100,000 የሚጠጉ ፎቶዎችን ለኮመንስ የሰጠው ረጅም ጎናቸው 800 ፒክስል ገደማ ሆነው ነው። ትልልቆቹን በነፃ አልለቀቀም። እንዲህ ባለ ፋይል ላይ ከሌላ ቦታ የተገኘ ትልቅ ቅጂ መደረብ ባለቤቱ ያልሰጠውን መውሰድ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ፎቶግራፈር ለውክፔዲያ ብሎ ትንሹን ቅጂ በነፃ ፈቃድ ሰጥቶ ትልቁን የሚሸጥ ከሆነም እንዲሁ፤ በኢሜይል ፈቃዱን ሳታገኙ አትንኩት። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶ የቅጂ መብት ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ይቆያል። ያ ካለፈ በአገር ውስጥ ነፃ ነው፤ ኮመንስ ግን በአሜሪካ ሕግም ነፃ መሆኑን ይጠይቃል። ሌላም ነገር አለ፤ አሮጌው ፋይል ፈቃዱ በገምጋሚ ተረጋግጦ ከሆነ ማረጋገጫው የሚያገለግለው ለዚያ ምንጭ ነው። ምንጩን ከቀየራችሁ አዲስ ግምገማ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ካለፈ መጫኑ ቀላል ነው። በፋይሉ ገጽ ግርጌ፣ በታሪክ ሠንጠረዡ ሥር «የዚህን ፋይል አዲስ ቅጂ ጫን» የሚል ትርጉም ያለው ሊንክ አለ። ከመንካታችሁ በፊት አሮጌውን ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱ፣ «በሌሎች ዊኪዎች አጠቃቀም» የሚለውን ዝርዝርም እዩና ፎቶው የት የት እንደገባ እወቁ። ማብራሪያ በሚለው ሣጥን ውስጥ «የተሻለ ጥራት» ብላችሁ አትለፉ፤ «ከያው ምንጭ፣ ከዋናው ኔጋቲቭ ስካን፣ ከ1,024 ወደ 5,000 ገደማ፣ አቆራረጥና ቀለም ሳይነካ» ብላችሁ ጻፉ። ከዓመታት በኋላ ውሳኔውን የሚመረምር ሰው የሚያገኘው ይህችን መስመር ብቻ ነው። ስካኑ የመስታወት ኔጋቲቩን ጠርዝና በእጅ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ ከመጣ ያልተቆረጠውን በራሱ ስም ጫኑ፣ በክሮፕቱል (በኮመንስ የምስል መቁረጫ) የቆረጣችሁትን ደግሞ በአሮጌው ላይ ደርቡ፤ ያለዚያ ጥቁር ጠርዝ ያለው ፎቶ በየገጹ ይወጣል። የመግለጫ ገጹንም የምንጭ ሊንክ አድሱ።

ጭናችሁ ስትጨርሱ አሮጌው ምስል ቢታያችሁ ወይም ፎቶው ተለጥጦ ቢመጣ አትደንግጡ፤ የተቀነሱት ቅጂዎች በካሽ (በጊዜያዊ ማከማቻ) ስለተቀመጡ ነው። በገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ የ«ፐርጅ» ትእዛዝ (?action=purge) ጨምራችሁ ካሹን አጽዱ፣ ብራውዘሩንም በኮንትሮል ኤፍ 5 አድሱ። ከሰዓታት በኋላም ካልተስተካከለ፣ ወይም ማስታወሻዎቹ ከቦታቸው ከተናወጡ፣ በታሪክ ሠንጠረዡ ከአሮጌው ቅጂ ጎን ያለውን «መልስ» ተጭናችሁ ወደ ነበረበት መልሱትና አዲሱን በራሱ ስም ጫኑት።